ቫሪኮሴልና ልጅ መውለድ፦ መጠበቅ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሥሩን በካቴተር መዝጋት ወይስ አይቪኤፍ?

ልጅ ሲጠብቁ ቆይተው በምርመራ «ቫሪኮሴል አለብዎት»፣ ማለትም ከዘር ፍሬ ደም የሚመልሱት ሥሮች አብጠዋል፣ የተባሉ ወንዶች ብዙ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ምክር ይሰማሉ። አንዱ «ቶሎ ይሠሩት» ይላል፤ ሌላው «ስንቱ ይዞት ወልዷል፣ ይተዉት» ይላል። ሁለቱም ምክሮች ለአንዳንዱ ሰው ትክክል ናቸው፤ ለሌላው ደግሞ ውድ ጊዜ ያባክናሉ። ምርጫውን የሚወስነው የሥሩ ውፍረት ብቻውን አይደለም፤ የቀዶ ሕክምናው ዓይነትም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ ያበጠው ሥር በእጅ ይዳሰሳል ወይ? በአንድ ጊዜ በሚወጣው የዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ስፐርም በጠቅላላው ስንት ነው? የሚስት ዕድሜና የእንቁላል ክምችትስ እንዴት ነው?

ሥሩ ሲያብጥ ምን ይጎዳል

ከዘር ፍሬ ደም የሚመልሱት ሥሮች ደሙ ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ ክዳኖች አሏቸው። ክዳኖቹ ሲላሉ ወይም ከመጀመሪያው ሳይኖሩ ሲቀሩ ሰውየው በቆመ ቁጥር ደሙ ወደ ታች ተመልሶ ይጠራቀማል፤ ሥሮቹም እየሰፉ ይጠማዘዛሉ። በአብዛኛው ግራው የሚያብጠው በአፈጣጠር ምክንያት ነው። የግራው ሥር ከቀኙ ይረዝማል፤ ወደ ግራ ኩላሊት ደም መላሽ ሥር የሚገባውም በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የቀኙ ግን ወደ ትልቁ የሆድ ደም መላሽ ሥር ሰያፍ ሆኖ ስለሚገባ ደሙ በቀላሉ ያልፋል።

የዘር ፍሬ ስፐርም በደንብ የሚያመርተው ከተቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቀዝ ሲል ነው። የተጠራቀመው ሞቃት ደም ይህን ልዩነት ያጠብበዋል። በዚያ ላይ የኦክስጅን እጥረት ይፈጠራል፤ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች እየበዙም የስፐርሙን ሽፋንና በውስጡ ያለውን ዲኤንኤ ይቆራርጣሉ። ውጤቱ በላቦራቶሪ ሲታይ ቁጥር ማነስ፣ እንቅስቃሴ መድከምና የቅርጽ መበላሸት ነው። በአንዳንዱ ላይ የተጎዳው ወገን የዘር ፍሬ ራሱ ያንሳል፤ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞንም ይቀንሳል።

ከወንዶች ሁሉ 15 በመቶ ያህሉ ቫሪኮሴል አለባቸው፤ አብዛኞቹም ያለ ምንም ሕክምና ይወልዳሉ። ልጅ ለማግኘት ተቸግረው በሚመረመሩት ዘንድ ግን ቁጥሩ ከ35 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ቫሪኮሴል ተገኘ ማለት የመካንነቱ ምክንያት ታወቀ ማለት አይደለም። ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ግን ተገቢ ነው።

ከመወሰን በፊት እጅ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ውጤቶች

የመጀመሪያው የሐኪም እጅ ነው። ምርመራው ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ሰውየው ለጥቂት ደቂቃ ከቆመ በኋላ ይደረጋል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ የከረጢቱ ቆዳ ስለሚሸበሸብ ትንሹ እብጠት ያመልጣል። ሐኪሙ በቆመበት ይዳስሰዋል፣ ትንፋሹን ይዞ እንዲያምጥ ይጠይቀዋል፣ ከዚያም አስተኝቶ ያየዋል። በማማጥ ጊዜ ብቻ የሚዳሰሰው አንደኛ ደረጃ ነው። ቆሞ ሳያምጥ የሚዳሰሰው ሁለተኛ ደረጃ፣ ከቆዳው ላይ በዓይን የሚታየው ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል።

አልትራሳውንድ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚለይ ዘዴ፣ ያለው መሣሪያ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋና ደሙን ወደ ታች የሚመልስ ሥር ያሳያል፤ ሐኪሙ በዳሰሰው ላይ ጥርጣሬ ሲኖረው ይረዳል። በእጅ የማይዳሰስ፣ በምስል ብቻ የተገኘ ቫሪኮሴል ግን ለመውለድ ሲባል አይታከምም። እሱን መዝጋት ልጅ የማግኘት ዕድልን እንደሚጨምር የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የምስል ወረቀት ብቻ ይዞ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተሰጠው ሰው «በእጅ ይዳሰሳል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ መልሱ «አይ» ከሆነ ሌላ ሐኪም ቢያይ ይሻላል።

እብጠቱ በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ፣ በድንገት ከመጣ ወይም ሰውየው ሲተኛ የማይሟሽሽ ከሆነ፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ባለ ሰው ላይ፣ የሆድና የኩላሊት ምስል ሳይነሣ ወደ ሌላ ውሳኔ መሄድ አይገባም። ሥሩን ከላይ የሚጫን ዕጢ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ይደረጋል። ከ2 እስከ 7 ቀን የዘር ፈሳሽ ሳያወጡ መቆየት፣ ናሙናውን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ዕቃ መቀበል፣ ቅባት ወይም ተራ ኮንዶም አለመጠቀም ያስፈልጋል። ናሙናው ቤት ውስጥ ከተወሰደ ሳይቀዘቅዝ፣ በልብስ ሥር ሰውነት አጠገብ ተይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የመጀመሪያው ጠብታ አብዛኛውን ስፐርም ስለሚይዝ እሱ ከፈሰሰ ለላቦራቶሪው መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቁጥሩ በሐሰት ያንሳል። ባለፉት 3 ወራት ከባድ ትኩሳት የነበረበት ሰው ውጤትም ዝቅ ብሎ ሊወጣ ስለሚችል ቆይቶ ይደገማል።

በ2021 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዝቅተኛው ማጣቀሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ በጠቅላላው ፈሳሽ 39 ሚሊዮን፣ 42 በመቶ እንቅስቃሴና 4 በመቶ መደበኛ ቅርጽ ነው። ለምርጫ በጣም የሚጠቅመው ግን ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጻፍ ሌላ ቁጥር ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ስፐርም ጠቅላላ ብዛት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የፈሳሹ መጠን ሲባዛ በክምችቱ፣ ሲባዛ በእንቅስቃሴው። ለምሳሌ 2.5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 12 ሚሊዮን ስፐርም፣ 30 በመቶ እንቅስቃሴ ካለ 2.5 × 12 × 0.30 = 9 ሚሊዮን ይሆናል። ይህን ቁጥር በእርሳስ ከወረቀቱ ጥግ ጻፉት፤ ከታች ይመለስበታል።

ክምችቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊዮን በታች ከሆነ ወይም ምንም ስፐርም ካልታየ የኤፍኤስኤች (የስፐርም ምርትን የሚያዝዝ ሆርሞን) እና የቴስቶስትሮን ምርመራ እንዲሁም የክሮሞሶምና የዋይ ክሮሞሶም ጉድለት ምርመራ ይታከላሉ። የዋይ ክሮሞሶሙ ኤዜድኤፍኤ ወይም ኤዜድኤፍቢ የተባለው ክፍል ሙሉ በሙሉ የጎደለበት ሰው ሥሩ በቀዶ ሕክምና ቢሠራለትም ስፐርም አያገኝም። ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሚስት ምርመራ ነው፦ ዕድሜዋ፣ ኤኤምኤች በተባለው የሆርሞን ምርመራ ወይም በአልትራሳውንድ የሚገመተው የእንቁላል ክምችቷ፣ የማሕፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸው። ባል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አንድ ዓመት ከተጠበቀ በኋላ ሁለቱም ቱቦዎቿ ዝግ መሆናቸው ሲታወቅ ያ ዓመት ለሁለቱም በከንቱ አለፈ ማለት ነው። ይህ በቀላሉ መከላከል የሚቻል ጥፋት ነው።

አማራጭ አንድ፦ መከታተል

የዘር ፈሳሹ በሁለት ምርመራ ደህና ከሆነ ቫሪኮሴሉ ትልቅም ቢሆን ለመውለድ ሲባል አይነካም። ሕመም ካለ፣ ማለትም ሲቆሙ ውለው ማታ የሚብስና ሲተኙ የሚቀል የመጎተት ስሜት፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ምክንያት ነው። በየ1 ወይም 2 ዓመቱ የዘር ፈሳሽ መመርመር ግን ብልህነት ነው፤ ጉዳቱ በጊዜ ሊጨምር ይችላል።

በዚህ ጊዜ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው፦ ማጨስ ማቆም፣ የሞቀ ውኃ ገንዳና ሳውና መተው፣ ላፕቶፕ ጭን ላይ አለማስቀመጥ፣ ክብደት መቀነስ። እነዚህ ሥሩን አያጠቡትም፤ ሙቀቱ ላይ ሙቀት እንዳይጨመር ብቻ ያደርጋሉ። የቫይታሚን እንክብሎች በብዛት ይሸጣሉ፤ ልጅ የመውለድ ዕድልን ስለማሳደጋቸው ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ ሌላውን ሕክምና ለማዘግየት ምክንያት ሊሆኑ አይገባም።

አንድ ነገር ጠንከር አድርገን እንናገር። ለጉልበት፣ ለጡንቻ ወይም ለወሲብ ፍላጎት ተብሎ ቴስቶስትሮን በመርፌም ሆነ በቅባት መውሰድ የስፐርም ምርትን ያጠፋል። ከውጭ የሚገባው ሆርሞን አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያስቆማል፤ ስፐርም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮኑ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ በዚህ መንገድ አይታከምም።

አማራጭ ሁለት፦ ቀዶ ሕክምና

ይህ አማራጭ የሚሆነው አራቱ ሲገናኙ ነው፦ የሚዳሰስ ቫሪኮሴል፣ የተበላሸ የዘር ፈሳሽ ውጤት፣ ያልተሳካ የእርግዝና ሙከራ፣ የሚስት ጥሩ ወይም ሊታከም የሚችል የመውለድ አቅም።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? ከተሠራላቸው መካከል ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት የዘር ፈሳሹ ይሻሻላል። እርግዝና ከዚህ ያነሰ ነው። በ2011 የታተመ፣ 145 ወንዶችን በዕጣ የከፈለ ጥናት ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ በተፈጥሮ ያረገዙት ከተሠራላቸው 32.9 በመቶ፣ ካልተሠራላቸው 13.9 በመቶ ነበሩ። ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሆኖም ከተሠራላቸው ሦስት ጥንዶች ሁለቱ በዚያ ዓመት አላረገዙም። ሐኪም ይህንን ሳይናገር ማስፈረም የለበትም። ሌሎች ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰቡ ግምገማዎችም ጥቅም እንዳለ ይጠቁማሉ፤ የማስረጃውን ጥራት ግን ዝቅተኛ ይሉታል።

የአሠራር ዘዴዎቹ ግባቸው አንድ ነው፤ ደሙን ወደ ታች የሚመልሱትን ሥሮች ሁሉ ማሰር፣ ደም የሚያመጣውን ቧንቧና የሊምፍ ቱቦዎችን ማዳን። ልዩነታቸው ይህን በምን ያህል ጥንቃቄ መፈጸም መቻላቸው ላይ ነው።

በማይክሮስኮፕ የሚሠራው ዛሬ ቀዳሚ ተመራጭ ነው። ከብሽሽት በታች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁስል ይከፈታል፤ የዘር ገመዱ ወጥቶ ከ10 እስከ 25 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሥር ይፈታል። እዚህ ቦታ ላይ ሥሮቹ ብዙና ቀጫጭን ናቸው፤ ደም ወሳጁ ቧንቧ ደግሞ ወፍራሙ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ቧንቧውን በትንሽ ዶፕለር ድምፅ ይለየዋል። በደንብ ሲሠራ የመመለስ ዕድሉ 1 በመቶ ገደማ፣ ሃይድሮሲል፣ ማለትም በዘር ፍሬ ዙሪያ ውኃ መቋጠር፣ ከ1 በመቶ በታች ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ መሣሪያና የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል።

ያለ ማይክሮስኮፕ ከፍ ብሎ በሆድ ጎን ወይም በብሽሽት የሚሠራው የቆየው ዘዴ ፈጣን ነው። ሆኖም በዓይን ብቻ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ያመልጣሉ፤ በኋላም እየሰፉ ቫሪኮሴሉ ይመለሳል፤ በተለይ ከፍ ብሎ በሚሠራው 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሊምፉ አብሮ ሲታሰር ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ውኃ ይቋጠራል። ደም ወሳጁ ቧንቧ በስሕተት ከታሰረ ደግሞ የዘር ፍሬው ሊሟሽሽ ይችላል፤ ይህ ብዙ ባይሆንም ከባዱ ጉዳት ነው።

ላፓራስኮፒ በሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ሆድን በጋዝ ነፍቶ ይሠራል። ሙሉ ሰመመን የግድ ነው። ሁለቱንም ወገን በአንድ መግቢያ መሥራት ማስቻሉ ጥቅሙ ነው፤ ለአንድ ወገን ብቻ ግን ሆድ ውስጥ መግባት የአንጀትና የደም ሥር አደጋን ያስከትላል፤ በውጤት ከማይክሮስኮፑ አይበልጥም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ ቀላል ሥራ ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንት ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ከባድ ዕቃ ማንሣትና ስፖርት ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ግንኙነት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆያል። ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚያ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ወደ ውጭ እስኪደርስም ተጨማሪ ቀናት አሉ። ስለዚህ 3 ወር ሳይሞላ የሚደረግ ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተመረተውን ነው የሚያሳየው፤ በእሱ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። የመጀመሪያው ምርመራ በ3ኛው ወር፣ ሁለተኛው በ6ኛው ወር ይደረጋል። በ6ኛው ወር ምንም ለውጥ ከሌለ መጀመሪያ ቫሪኮሴሉ ተመልሶ እንደሆነ በእጅና በዶፕለር ይታያል፤ ካልተመለሰ ወደ ሌላ አማራጭ መሻገር ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ሥሩን በካቴተር መዝጋት

ቁስል የለውም። በብሽሽት ወይም በአንገት ደም መላሽ ሥር ካቴተር የተባለ ቀጭን ቱቦ ይገባና በራጅ እየታየ ወደ ተበላሸው ሥር ይመራል፤ ከዚያ በጥምዝ የብረት ሽቦ፣ ሥሩን በሚያደርቅ መድኃኒት ወይም በሁለቱም ይዘጋል። የሚደነዝዘው መርፌው የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፤ በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥም ሥራውን ይጀምራል። ሊምፉ ስለማይነካ ውኃ መቋጠር የለም ማለት ይቻላል።

ድክመቱም አለው። ካቴተሩ አንዳንዴ ወደ ሥሩ መግባት አይችልም፣ በተለይ በቀኝ በኩል፤ ያኔ ሰውየው ወደ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። የመመለስ መጠኑም ከማይክሮስኮፑ ከፍ ይላል። ጨረር አለ፤ ለራጅ ማቅለሚያ አለርጂ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። በእኛ ሚዛን ይህ ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው አንድ ጊዜ ተሠርቶለት ለተመለሰበት ሰው ነው፤ ምስሉ ያመለጠው ሥር የት እንዳለ ያሳያል፣ በጠባሳ ውስጥም መቆፈር አይኖርም። ሰመመን ለማይመቸውም ጥሩ ነው። ማይክሮስኮፕ የለመደ ሐኪም በሌለበት፣ ልምድ ያለው የራዲዮሎጂ ባለሙያ ካለ ከቆየው ዘዴ ይልቅ ይህ ይመረጣል።

አማራጭ አራት፦ ስፐርሙን ማገዝ

በእርሳስ የተጻፈችው ቁጥር እዚህ ትጠቅማለች። የሚንቀሳቀሰው ስፐርም ከ10 ሚሊዮን በላይ ከሆነ የታጠበውን ስፐርም ወደ ማሕፀን ማስገባት ሊሞከር ይችላል። ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን መካከል ዕድሉ ይቀንሳል። ከ5 ሚሊዮን በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ኢክሲ፣ ማለትም አንድ ስፐርም በመርፌ ወደ አንድ እንቁላል የሚገባበት አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ የሚገናኙበት ሕክምና) ነው።

ኢክሲ የወንዱን ችግር አያክምም፤ ይሻገረዋል። ሸክሙም በሚስት ላይ ይወድቃል፦ ከ10 እስከ 14 ቀን የሆርሞን መርፌ፣ በሰመመን እንቁላል ማውጣት፣ የእንቁልጢዎች ከመጠን በላይ መነቃቃት አደጋ። እያንዳንዱ ሙከራ ዋስትና የለውም፤ ለሁለተኛ ልጅም በአብዛኛው ከእንደገና ይጀመራል። በሌላ በኩል የሚስት ዕድሜ 38 ወይም 40 ከደረሰ፣ ክምችቷ ካነሰ ወይም ቱቦዎቿ ከተዘጉ ለቀዶ ሕክምና ውጤት የሚጠበቁት ከ9 እስከ 12 ወራት እሷ የማትመልሳቸው ወራት ናቸው። እዚህ ላይ በቀጥታ አይቪኤፍ መሄድ ትክክል ነው። ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ጤናማ ሚስት ግን መጀመሪያ የባልን ሥር ማሠራት ይሻላል ብለን እናምናለን፤ እርግዝና በተፈጥሮ ባይመጣ እንኳ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከኢክሲ ወደ ቀላሉ ማገዣ ሊያወርድ ይችላል። በመካከል፣ ከ35 እስከ 37፣ ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶ 6 ወር ገደብ ተሰጥቶት የአይቪኤፍ ዝግጅት ጎን ለጎን ቢሄድ ይመረጣል።

ሁለት አስቸጋሪ ሁኔታዎች

ስፐርም ጨርሶ የሌለበትና ምክንያቱ መዘጋት ሳይሆን የምርት ድካም የሆነ ሰው የሚዳሰስ ቫሪኮሴል ካለው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሦስት አንድ ያህሉ በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ስፐርም ያያል። ጥቅሙ እርግጠኛ አይደለም፤ የሚስት ዕድሜ ከፈቀደ ግን መነጋገር ተገቢ ነው። ስፐርም ከታየ ወዲያውኑ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ለኋላ ይቀመጥ፤ እንደገና ሊጠፋ ይችላልና። ካልታየ ከዘር ፍሬው ውስጥ በማይክሮስኮፕ ስፐርም ፈልጎ ማውጣት ይቀራል።

ሌላው ተደጋጋሚ ውርጃ ወይም የከሸፈ ኢክሲ ያለባቸው ጥንዶች ናቸው። የቁጥር ውጤቱ ብዙ ባይከፋም የስፐርሙ ዲኤንኤ ስብራት ይለካ። ስብራቱ ከፍተኛ ከሆነና የሚዳሰስ ቫሪኮሴል ካለ ቀዶ ሕክምናው ስብራቱን እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ ከሚቀጥለው ሙከራ በፊት ሊታሰብ ይገባል።

ሐኪሙን የሚጠይቁት

ቀጠሮ ላይ ሲደርሱ እነዚህን ይጠይቁ፦ ቫሪኮሴሉ በእጅ ይዳሰሳል? ስንተኛ ደረጃ ነው? ሁለቱም ወገን ነው? በማይክሮስኮፕ ነው የሚሠሩት፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠሩታል? ደም ወሳጁን ቧንቧ በምን ይለያሉ? ከሠሩላቸው በስንቱ ተመለሰ፣ በስንቱ ውኃ ተቋጠረ? በ6 ወር ካልተሻሻለ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? ሚስትዎ አብራ ትግባ፤ የእሷ ውጤትም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።